አልቀመጥም ያለው ሽማግሌ

ኦክቶበር 6፣ 2024
ያትሱሺሮ አጠገብ፣ ጃፓን

ለእህቴ ለደጊቱ፣

ሰላምታዬ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይግባልሽ። እዚህ አገር ሌላ ዓይነት አገባብ የለም። በሰላም ደርሻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ።

"ለምን ድምፅ አትልክልኝም" ላልሽው፣ ባቡር ውስጥ ስልክ ማውራት ነውር ነው፤ ያረፍኩበት ማደሪያ ደግሞ ግድግዳው ወረቀት ነው። ሳስነጥስ ከጎረቤት ክፍል "ይማርህ" ሊሉኝ ምንም አልቀራቸው። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። አንቺ ድምፅ የምትሰሚው ዴይኬርሽ ውስጥ፣ ሕፃን ታቅፈሽ፣ በስፒከር ነው። አብራሽ የምትሠራው ፈትያ አጠገብሽ ናት። ፈትያ የሰማችው ነገር ከአትላንታው ስኮትዴል ተነስቶ ፓይን ሌክ እስኪደርስ ቀይ መብራት አይዘውም። ስለዚህ በወረቀት እየጻፍኩ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ፤ አንቺም እንደዚያው አድርጊ። የሽምግልና ነገር በድምፅ አይላክም።

"ብቻህን ሽማግሌ ትሆናለህ ወይ" ማለትሽ ተገቢ ነው። ደንቡ ሦስት ነው። ግን ዮናስን የኮንየርሱ መጋዘን አልለቅም አለው፤ ስምዖን ደግሞ የበረራውን ርዝመት ሲሰማ ጉልበቱን አመመው። እኔ ከባልሽ ከለገሰ ጋር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እስኪለየን ድረስ አንድ የኤርፖርት ቫን እየተቀባበልን የነዳሁ ሰው የልጁን ጉዳይ በጉልበት ሕመም አልተወውም። ክላርክስተን ውስጥ ያስታረቅኋቸው ባልና ሚስቶች ቢሰበሰቡ አንድ አውቶቡስ ይሞላሉ። ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ እምቢ ተብዬ የተመለስኩበት ቀን የለም፤ በኢሳያስም አይጀመርም።

አሁን አገሩን ልንገርሽ። ሰው ሁሉ እጅ ይነሳል። እኔ ወሎ ያደግሁ ነኝ፣ ጎንበስ ማለት ብርቄ አይደለም፤ ግን እዚህ መጨረሻው አይታወቅም። የባቡር ጣቢያው ሠራተኛ ጎንበስ አለልኝ፤ ጎንበስ አልኩለት። ደገመኝ፤ ደገምኩት። በዚህ መሐል ባቡሩ ሄደ። ዕቃ ደግሞ በሁለት እጅ ይሰጣሉ፣ በሁለት እጅ ይቀበላሉ። የሱቋ ልጅ መልሴን በሁለት እጇ ስታቀብለኝ እናቴ ትዝ አለችኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ። አትላንታ መልስ የሚሰጠኝ ተወርውሮ ነው።

የሚያሰቃየው ጫማ ነው። ቤት ሲገባ ጫማ ይወልቅና ነጠላ ጫማ ይሰጥሻል። ምንጣፍ ያለበት ክፍል ስትደርሺ ነጠላ ጫማውም ይወልቃል። ሽንት ቤት ስትገቢ ደግሞ የሽንት ቤቱ የራሱ ነጠላ ጫማ አለ። እኔ መቀየሩን ረስቼ በሽንት ቤቱ ጫማ እራት ቀረብኩ። ሁሉም እግሬን አየና ሩዙን አየ።

ስለ ሽንት ቤቱ ግን አንድ ቃል ሳልናገር አላልፍም። ውሃ አለው! ይህን ሁሉ ዘመን አሜሪካ ስኖር የውሃ ጠርሙስ ብብቴ ሥር ደብቄ ያልገባሁበት ጋዝ ስቴሽን የለም። እዚህ መቀመጫው ራሱ፣ ያውም ለብ ባለ ውሃ፣ አጥቦ ይሸኝሻል። እነዚህ ሰዎች መስለም ብቻ ነው የቀራቸው።

ከነገ ወዲያ ኢሳያስ ሊያገባት ከሚሻት ከሃሩካ አባት፣ ከአቶ ኦካቤ ቤት እሄዳለሁ። አስተርጓሚዬ የማደሪያው ባለቤት ሞሪታ ነው። ጆርጂያ የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ሠርቶ የተመለሰ ሰው ስለሆነ እንግሊዝኛው የሜከን ገበሬ ነው፤ እኔን ብቻዬን እንደ ብዙ ሰው "ያል"፣ እናንተ፣ ይለኛል። ሁለተኛ ሽማግሌ አድርጌ ሾሜዋለሁ። ኢሳያስ ግን በዚያ ደጅ እንዳያልፍ አዝዤዋለሁ። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይታይም።

ወንድምሽ ከሊፋ


ኦክቶበር 8
ስኮትዴል

ለጋሼ ከሊፋ፣

በሰላም መድረስዎን ሳነብ የያዝኩትን ዳይፐር ጥዬ እልል አልኩ፤ ሕፃናቱም ነገሩ ሳይገባቸው አብረውኝ እልል አሉ። ያስለመዷቸው እኔ ነኝ፣ ወላጆቻቸው ያማርራሉ።

ለአቶ ኦካቤ የላክሁትን ጋቢ ሲሰጡት ይከፍተው እንደሆነ፣ ምን እንደሚል፣ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን በደንብ ይዩልኝ። ጥለቱን የመረጥኩት ሦስት ቀን አስቤ ነው። ስለ ሽንት ቤቱ ለፈትያ ምንም አልነገርኳትም፤ ብቻ ባሏ ትናንት ልጃቸውን ሊወስድ ሲመጣ ዋጋውን ጠየቀኝ።

ጋሼ፣ ቀልዱን ወዲያ እናድርገውና፣ ይህ ሰውዬ እሺ ካላለ እኔ ሠርግ የለኝም። ኢሳያስ ደውዬ በጠየቅሁት ቁጥር "ማሚ፣ እዚህ አባት አይጠየቅም፣ ኢትስ ፋይን" ይለኛል። ለእኔ ፋይን አይደለም። ልጅቱና አባቷ ከፋሲካ ወዲህ እንደማይነጋገሩ ከአፉ አምልጦት ነግሮኛል። በማን ምክንያት ነው? በልጄ ነው። እናቷ ሞታባት አባቷ ለብቻው ያሳደጋት ልጅ ናት። ለብቻ ልጅ ማሳደግ ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። የሰው ልጅ ከአባቷ አስኮርፌ፣ ምራቴ ብዬ ጉንጯን ብስም፣ የማን ጉንጭ ነው የምስመው? እንቅልፍ የለኝም፣ ጋሼ። እኔ የምፈራው ሰውየው "ጥቁር አልፈልግም" እንዳይልዎት ነው። ካለም ለኢሳያስ አይንገሩት፤ ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ።

ምግብ ይብሉ። እንደሚያዝዙት ሁሉ ይታዘዙ።

እህትዎ ደጊቱ


ኦክቶበር 11

ለደጊቱ፣

ሰላምታዬ በጥሩ ዜና ታጅቦ ይድረስሽ።

ጋቢውን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ግንባሩ ድረስ ከፍ አደረገው፣ ሳይከፍትም ጥጉ ላይ አስቀመጠው። "ሳይከፍት?" እንደምትይ አውቃለሁ። አሜሪካ አበላሽታሻለች። እኛስ አገር እንግዳው ሳይወጣ ስጦታ የሚገልጥ ሰው ምን ይባል ነበር? ይህ ሰው የጨዋ ልጅ ነው።

ቤቱ ንጹሕ ነው። በፊት ለፊቱ ሱቅ አለው፤ ደረቅ ሣር በነዶ በነዶ ተከምሮበታል። የከብት መኖ ሳይነግድ አይቀርም፤ ከብት ግን አንድም አላየሁም። ውስጡ ክፍሉ ባዶ ነው፤ መሬቱ የሣር ምንጣፍ፣ አንድ አጭር ጠረጴዛ፣ የመቀመጫ ትራስ። የሚስቱ ፎቶ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ተቀመጡ አለን። እኔም እንደ ደንባችን ቀጥ ብዬ ቆሜ "የመጣንበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አንቀመጥም" አልኩ። ሞሪታ ምን ብሎ እንደተረጎመው አላህ ይወቅ። ሰውየው ትራሱን አንስቶ ወፈር ያለ ትራስ አመጣ። አልተቀመጥኩም። ሌላ አመጣ። አልተቀመጥኩም። ከዚያ በጉልበቱ ተንበርክኮ ምንጣፉን በመዳፉ እየዳሰሰ ከጥግ እስከ ጥግ ሄደ፤ አንድ ቦታ ላይ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ፊቱ ቀላ። እኔም የሽምግልናችን ክብደት ተሰምቶታል ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ከዚያ ነገሩን ዘረጋሁት። የለገሰና የደጊቱ ልጅ ኢሳያስ፣ የተማረ፣ እናቱን የሚያከብር፣ እዚሁ ከተማችሁ ልጆች የሚያስተምር፣ የማይጠጣ ልል ነበር፣ ውሸት ሐራም ነውና "ብዙ የማይጠጣ" አልኩ፣ ልጅዎን ሃሩካን ለትዳር ይሻል። ሻይ ሲቀዘቅዝ ድምፅ ቢኖረው ይሰማ ነበር። አቶ ኦካቤ ጥርሱን ገጥሞ አየር ወደ ውስጥ ሳበ፤ እኛ ቃሪያ ሲያቃጥለን እንደምናደርገው። ከዚያ "ትንሽ ያስቸግራል" አለ። ጥቂት ቆይቶም "እናስብበት" አለ።

ደስ ብሎኛል! ምንም ክፉ ቃል አልወጣውም፤ አንቺ የፈራሽውም ቃል አልተነሳም። በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን የሰለቸ ነው። ስንወጣ በር ድረስ ሸኘን፤ መንገዱ ጠምዘዝ እስኪል ዞር ባልኩ ቁጥር ጎንበስ ብሎ አገኘዋለሁ። ማክሰኞ እንመለሳለን።

ከሊፋ


ኦክቶበር 12

ጋሼ ከሊፋ፣

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፣ አንዱ ሕፃን ክራዮን ውጧል።

"ትንሽ ያስቸግራል" ያሉትን ለኢሳያስ ነገርኩት። ከዚህ የባሰ እምቢታ የላቸውም ነው የሚለው። እዚያ አገር ሰው ፊት ለፊት አይሆንም አይባልም፤ አየር በጥርሱ ከሳበማ አለቀ፣ በቃ። ሌላም አለ። የአባትየው ጎረቤት ለሃሩካ እንደነገራት፣ እርስዎ ከወጡ ጀምሮ ሰውየው ሱቁን ለደንበኛ ዘግቶ ሲቀድና ሲሰፋ ነው የሚውለው። ምን አድርገውት ነው?

አንድ እምቢታ ይበቃናል። ሰው ቤት እየተመላለስን አናስቸግር። ይመለሱልኝ፣ በሞቴ።

ደጊቱ


ኦክቶበር 15

ለደጊቱ፣

የሞትሽን ነገር ለክራዮን ብለሽ አታንሺው። ሕፃኑ ደህና መሆኑን ሰምቻለሁ፤ በየትኛው ቀለም እንደወጣ ግን ባትጽፊልኝ ይሻል ነበር።

"ያስቸግራል ማለት እምቢ ነው" ለሚለው ልጅሽ ይህን ንገሪልኝ። እኛስ እሺ ስንል እሺ ማለታችን ነው እንዴ? ቧንቧ ሠሪው "ነገ ጠዋት እመጣለሁ" ሲልሽ መጣ? ወሎ ውስጥ "እስቲ ዘመድ እንጠይቅ" ተብዬ ተሸኝቼ ስንት ሠርግ በልቻለሁ! የኢሳያስ ትምህርት ብዙ ነው፤ ሽምግልና ግን አልተማረም። ዛሬ ሄደናል።

አሁን የምነግርሽን ስሚ። ሰውየው ቤቱን አድሶ ጠበቀን! የክፍሉ ምንጣፍ በሙሉ ተነስቶ አዲስ ተነጥፏል፣ ገና አረንጓዴ ነው፣ ክፍሉ በክረምት የታጨደ ሜዳ ይሸታል። ሊከለክልሽ የፈለገ ሰው ቤት ያድሳል? ይህን ያህል ከተከበርኩማ ብዬ እኔም ደንቤን አጠበቅሁ፤ ከበፊቱ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሰውየው ገረጣ። እንግዳ ቆሞ ባለቤት አይቀመጥምና እሱም ቆመ፤ እኛ ቆመን ሞሪታ አይቀመጥምና እሱም ቆመ። ሦስታችን እንደ አትላንታው የማርታ ባቡር ተሳፋሪ ቆመን ሻዩ ከታች ቀዘቀዘ። ጥያቄዬን ደገምኩ። "በጣም ያስቸግራል" አለኝ፣ እያየ የነበረው ግን እኔን አይደለም፤ መሬቱን ነው። ስንወጣ ሞሪታ "ያል በጣም ጥብቅ ናችሁ" አለኝ። አመሰገንኩት።

ኢሳያስን ከጣቢያው አጠገብ ካለ ኑድል ቤት አገኘሁት። የዓሣ ሾርባ ያለበትን አዘዘልኝ። እዚህ ኑድል የሚበላው እየጮኸ ነው፤ ድምፅ ካላሰማሽ አልጣፈጣትም ይሉሻል። እኔ ሲበላ አፉ የጮኸ ልጅ በሚቆነጠጥበት ቤት ነው ያደግሁት። ዓይኔን ጨፍኜ "ሹርርር" አልኩና ቀና ብዬ እናቴን ይቅርታ ጠየቅኋት። ኢሳያስ ደህና ነው፤ ትንሽ ከስቷል። ብዙ አውርተናል። ሌላውን ስመጣ እነግርሻለሁ።

የቆሻሻ መጣያ ደግሞ እዚህ አገር መንገድ ላይ የለም። ሁሉም ቆሻሻውን ይዞ ቤቱ ይገባል። አንድ የሙዝ ልጣጭ ኮቴ ኪስ ውስጥ ይዤ ዋልኩ። መናፈሻቸው ቆንጆ ነው። አየሩም ቀዝቀዝ ብሏል። ዓሣዎቻቸው ቀያይ ናቸው።

ከሊፋ


ኦክቶበር 16

ጋሼ ከሊፋ፣

ይህን ቁጭ ብለው ያንብቡ። ቁጭ ማለት የሚያውቁ ከሆነ።

ነዶው መኖ አይደለም። ሰውየው የከብት መኖ ነጋዴ አይደለም። ታታሚ የሚባለውን የሣር ምንጣፍ የሚሠራ ሰው ነው! አያቱ የሠሩት፣ አባቱ የሠሩት፣ እሱ የሚሠራው ሥራ ነው። በዚያ አውራጃ የእሱ ምንጣፍ የሌለበት ጥሩ ቤት የለም ብላለች ሃሩካ፤ ዛሬ ኢሳያስን አስጨንቄ ጠይቄው ነው። እርስዎ ገብተው የሰውየውን ዕድሜ ልክ ሥራ ከላይ ወደ ታች አይተው "አልቀመጥበትም" አሉት። ነቅሎ አዲስ ሠራልዎት። በዚያም ላይ ቆሙበት! እኔ ቤት መጥተው ወጤን አሽትተው እጅዎን ቢታጠቡ ምን ይሰማኝ ነበር? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እርስዎ ወለሉን ነው የነቀነቁት። ሞሪታ የሚሉት ሰውም የሃይማኖታችሁ ሥርዓት መስሎት ነው ዝም ያለው።

እባክዎን ሄደው ይቀመጡ። ካስፈለገም ይተኙበት።

ሁለተኛው ነገር። "ሌላው" ምንድነው? ስለ ሙዝ ልጣጭ ማን ጠየቀዎት? ስለ ዓሣ ቀለም ማን ጠየቀዎት? ጋሽ ከሊፋ ነገር ሲደብቅ ወሬው ይበዛል እያለ ለገሰ ሁልጊዜ ይስቅ ነበር። ልጄ ታሟል? ከሥራ ወጥቷል? ልጅቱ አልፈልግም ብላለች? ለኢሳያስ ስደውል "ሥራ ላይ ነኝ ማሚ" ይላል፤ እሁድ ነው ስለው "ኦ፣ ራይት" ይላል። ስፈራ ስውል ሕፃናቱም ሳያለቅሱ ይውላሉ፣ ፊቴን እያዩ። የሆነውን ይንገሩኝ።

ደጊቱ


ኦክቶበር 20

ለእህቴ ለደጊቱ፣

ይህን ደብዳቤ ሕፃናቱ ሲተኙ አንብቢው። ፈትያን ወተት ግዢ ብለሽ ላኪያት፤ ቤት ውስጥ ወተት ቢኖርም።

በመጀመሪያ፣ ስለ ምንጣፉ ያልሽው ሲገባኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ያ መሬት ደግሞ ሰውየው የሠራው ነው። ይቅርታሽን እሻለሁ። የእሱንም ጠይቄአለሁ፣ እመጣበታለሁ።

"ሌላው" ይህ ነው። ኢሳያስና ሃሩካ ተጋብተዋል። ረመዳን ላይ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ፈርመዋል፤ በሕጉ ባልና ሚስት ናቸው። ኑድል ቤቱ ውስጥ ሲነግረኝ ጮህኩበት፤ ሹርርር ሲል የነበረው ሕዝብ በሙሉ ዝም አለ። "ጋሼ ከሊፋ፣ አንተ አይገባህም፣ ላይክ፣ ቪዛዬ ሊያልቅ ነበር። ነገ እንነግራቸዋለን፣ ነገ እንነግራቸዋለን ስንል፣ አይ ሚን፣ በየሳምንቱ እየከበደ መጣ" አለኝ። ከዚያ ያ ትልቅ ልጅ አለቀሰ። ያልነገርኩሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ልልሽ ነበር። እውነቱን ከፈለግሽ፣ ውቅያኖስ ተሻግሬ የመጣሁበት ጉዳይ ሳልመጣ ያለቀ መሆኑ አሳፍሮኝ ነው።

ትናንት ለሦስተኛ ጊዜ ሄድን። ምንጣፉ እንደገና አዲስ ነበር፣ ደጊትዬ! ይህኛው ጠርዙ በሐር ተሰፍቷል። ገና ሻይ ሳይመጣ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩበት። እነሱ እንግዳ ፊት በጉልበታቸው ተንበርክከው ተረከዛቸው ላይ ነው የሚቀመጡት። የውጭ ሰው አይችለውም ይላሉ። እኛ ሶላት ላይ የምንቀመጠው አቀማመጥ እኮ ነው! ከልጅነቴ ጀምሮ ተቀምጬበታለሁ። ጥቂት ቆይቶ ሞሪታ አቃስቶ እግሩን ዘረጋ። ቆየት ብሎ አቶ ኦካቤ ራሱ ተነቃነቀ። እኔ ገና ነበርኩ። ሰውየው ጉልበቴን እያየ ዓይኑን ማመን አቃተው።

ከዚያ የአገሬን ደንብ አስረዳሁት። የቆምነው ምንጣፉ ከፍቶ ሳይሆን ልጁ ከብዳብን እንደሆነ ነገርኩት። አፉን በእጁ ሸፍኖ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ዓይኑን ጠረገና እንዲህ አለ፦ "ልጄ ማግባቷን አውቃለሁ። ትንሽ ከተማ ናት፣ በማግስቱ ሰማሁ። እርስዎ ከአሜሪካ ድረስ መጥተው ያገባችን ልጅ ሲለምኑኝ ምን ልበል? አግብታለች ብል እንግዳዬን አሳፍራለሁ። እሺ ብል ዋሽቻለሁ። ስለዚህ ያስቸግራል አልኩ።"

እኛ ስንፈራ የነበረው ሁሉ ከንቱ ነበር። ጥቁር ነጭ አላለም። "ልጁን አልጠላሁትም። ልጄ እስክትነግረኝ ስጠብቅ ጊዜው ረዘመ። እሷ ትደውላለች ስል፣ እሷ አባቴ ይቆጣል ስትል፣ ሁለታችንም ዝም አልን። አንድ ሰው መጥቶ ቢጠይቀኝ ብዬ ነበር" አለ። በሽምግልና ዘመኔ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ ግን አልሰማሁም። ሞሪታ መተርጎም አቃተው፣ ሦስታችንም አለቀስን።

"እንግዲያው አሁን ጠይቄዎታለሁ፣ እሺ ይበሉኝ" አልኩት። "እናቱ ያውቃሉ?" አለኝ። መዋሸት እችል ነበር፤ ሽማግሌ አንዳንዴ ያደርገዋል። "አያውቁም" አልኩ። "እኔ ሳልጠየቅ የቀረሁትን ያህል እሳቸውም ሳይጠየቁ ቀርተዋል። እሳቸው ሳያውቁ እኔ ብቻዬን እሺ ብል ከልጆቹ በምን ተሻልኩ?" አለኝ።

እንግዲህ እህቴ፣ ጉዳዩ ከእኔ እጅ ወጥቷል። የሰውየው መልስ ያለው አንቺ ጋ ነው። ልትቆጪ መብትሽ ነው። ብቻ ስትቆጪም ቶሎ ተቆጪ፤ ያ ሰው ብዙ ጠብቋል።

ከሊፋ


ኦክቶበር 23
ስኮትዴል

ለጋሼ ከሊፋ፣

ሰላም ሳልል ዝም ብዬ ስለቆየሁ ይቅር ይበሉኝ። የመጀመሪያውን ቀን ስናደድ ዋልኩ፣ ሁለተኛውን ሳለቅስ። ፈትያ ምን ሆነሽ ስትለኝ አለርጂ ነው አልኳት። አንድ ጊዜ እንኳ አላመነችኝም፤ ግን ለማንም አልተናገረችም። እሷን ማማታችንን እንተው።

ያንገበገበኝ መፈረማቸው አይደለም። እሁድ እሁድ ስደውል "ምን በላህ?" እለዋለሁ፣ "ሩዝ" ይለኛል። ከማን ጋር እንደሚበላ አይነግረኝም። ሰባት ወር ሙሉ ልጄ ብቻውን ይበላል ብዬ ሆዴ ሲባባ የከረምኩት ለዚህ ነው? ሚስቱ ጎኑ ተቀምጣ "ሰላም በልልኝ" እያለችው ነበር አሉ። ሰላምታዋን ዋጠው።

ትናንት ጠዋት ደወልኩለትና ስልክህን ይዘህ ከአማትህ ቤት ሂድ አልኩት። እዚያ አመሻሹ ነው። ኢሳያስ "ማሚ፣ ዌይት፣ ምን ልትዪው ነው?" ሲል፣ አንተ አያገባህም፣ በቪዲዮ ክፈትልኝና ሚስትህን ይዘህ ውጣ አልኩት። ወጡ። የወረቀቱ በር ተዘጋ፤ ሁለቱም ጥላቸው በሩ ላይ ይታየኛል፣ ጆሯቸውን ደቅነው።

እኔና አቶ ኦካቤ ተያየን። እሳቸው አማርኛ አይችሉም፣ እኔ ጃፓንኛ አልችልም፣ እንግሊዝኛውን ደግሞ ሁለታችንም አልፈለግነውም። እኔ በአማርኛ ጀመርኩ። ኢሳያስን ስንት ሆኜ እንደወለድኩት፣ ለገሰ ሲሞት ስንት ዓመቱ እንደነበር፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ሺፍት እየሠራሁ እንዳሳደግሁት፣ እሱ ደግሞ አንዲት ቃል እንደነፈገኝ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ስጨርስ እሳቸው በጃፓንኛ ቀጠሉ። "ሃሩካ" ይሉና ይተነፍሳሉ። ሚስታቸው ፎቶ ጋ ይጠቁማሉ። በቁመት እስከዚህ የምትሆን ልጅ በእጃቸው ያሳዩኛል። አንድ ቃል አልገባኝም፣ ጋሼ፤ ያልገባኝም ነገር የለም። እኔ "አየ ኢሳያስ!" ስል እሳቸው "አየ ሃሩካ!" የሚሉ ይመስለኛል። ልጆቹን እስኪበቃን አማናቸው። በሩ ላይ ያሉት ጥላዎች ቀስ እያሉ አጠሩ፤ ሳይቀመጡ አልቀሩም። ይስሙ!

ሌላ ነገር እንዳያስቡ ደግሞ። የተከዝን ሁለት ወላጆች ነን እንጂ ሌላ የለም።

ሲያበቁ ተንበርክከው ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ አደረጉ። እኔም ምን ላድርግ፣ ከዴይኬሩ አሻንጉሊት መሐል ወርጄ ግንባሬን ካርፔቱ ላይ ደፋሁ። ሕፃናቱ ጨዋታ መሰላቸው፤ በየተራ እየመጡ ከጎኔ ተደፉ። ቀና ስል አቶ ኦካቤ በስልኩ ውስጥ አይተዋቸው እየሳቁ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሕፃን ለየብቻ እንደገና ጎንበስ አሉላቸው።

ከዚያ ልጃቸውን ጠሯት። ሃሩካ ዓይኗ አብጦ ገባች፤ ከአባቷ አጠገብ ስትቀመጥ ሳያዩዋት እጃቸውን ጀርባዋ ላይ አሳረፉ። አንድ ነገር ተናገሩና ለእኔ ተርጉሚ አሏት። በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። "አባቴ እንዲህ ይላል። ልጄን ለልጅዎ ሰጥቻለሁ። እርስዎስ፣ ልጅዎን ለልጄ ይሰጡልኛል ወይ?"

ሽማግሌ ሲሄድ የማውቀው ሴት ልጅ ለመጠየቅ ነው። ወንድ የወለደችን እናት ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ እኔንም ማንም ይጠይቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። አፌን ሞልቼ እሺ አልኩ፣ ጋሼ።

እህትዎ ደጊቱ